ቆሞ የሚሄድ ባቡር

የአሰቦት ገዳም ከአሰቦት ከተማ በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። የአቡነ ሳሙኤል ዘደብረ ወገግ ስም የሚጠራበት ተራራ ከሩቅ ይታያል፤ ከተማዋ ግን ሜዳው ላይ የተቀመጠችው ሐዲዱን ተከትላ ነው። እኔ የሐዲድ ሠራተኛ ልጅ ነኝ። አባቴ በአሰቦትና በሚኤሶ መካከል የላላ ብሎን ሲያጠብቅ፣ ጎርፍ የጠረገውን ጠጠር ሲመልስ፣ በፀሐይ የተጣመመ ሐዲድ ሲያቃና ዕድሜውን ጨረሰ። በኋላ ጭሮ ገብቼ ታሪክ ሳስተምር፣ ተማሪዎቼ ስለ ባቡር ሲጠይቁኝ የመማሪያ መጽሐፉ የሚነግራቸው ስለ ሁለት ከተማ ብቻ ነበር፤ ከጅቡቲ ተነሣ፣ አዲስ አበባ ገባ። በመካከል ያለነው ሰዎች የለንበትም። ይህ ሁልጊዜ ይቆረቁረኝ ነበር። እንደ አርባ፣ አሰቦት፣ ሚኤሶ፣ ሙሉ፣ አፍደም፣ ኤረር ላሉ ከተሞች ከባቡሩ መሄድ ይልቅ መቆሙ ይበልጥ ነበርና፣ ታሪኩን ከዚያ በኩል ልናገረው እፈልጋለሁ።

በመጋቢት 1886 ዓ.ም. ዳግማዊ አጼ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግና ለፈረንሳዊው ነጋዴ ለሌዮን ሸፍኔ የባቡር ሥራ ፈቃድ ሰጡ። በሐሳብ ደረጃ መንገዱ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ደግሞ ከፋንና ነጭ ዓባይን የሚነካ ነበር። ሥራው በጥቅምት 1890 ከጅቡቲ ተጀመረ። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ሆነ፤ ጠባብ ሐዲድ ርካሽ ነው፣ በኩርባም በቀላሉ ይጠመዘዛል። የኢሳና የአፋር አርብቶ አደሮች ግን ሥራውን በዝምታ አልተመለከቱትም። የሲራራው ግመል የእነሱ ነበር፤ መንገድ መሪውም፣ ውሃ አሳዪውም ከእነሱ ወገን ነበር። በሐዲዱ ሠራተኞች ላይ ያደረሱት ጥቃት በታሪክ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ «ሽፍትነት» ተብሎ ይታለፋል፤ እኔ ግን እንጀራውን ሊነጠቅ መሆኑን ያወቀ ሰው ሥራ ይመስለኛል።

በታኅሣሥ 1895 ሐዲዱ ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ቆመ። ሐረር አልደረሰም። የሐረር ተራራ ለባቡር እጅግ የከበደ ዳገት ስለነበረ ሐዲዱ ከግርጌው፣ ከደቻቱ ወንዝ አጠገብ ቀረ፤ ቦታውም አዲስ ሐረር ተባለ፣ ኋላም ድሬዳዋ። በዚያው ወቅት የፈረንሳይ መንግሥት ከኩባንያው ጋር ያደረገው ውል ምኒልክን አስቆጣ፤ በግዛታቸው የሚያልፈው ሐዲድ ሳይጠየቁ በሌላ መንግሥት እጅ እየገባ መሆኑን ተረዱ። ለድሬዳዋው ምርቃት አልተገኙም፤ ሥራው ወደፊት እንዲራመድም አልፈቀዱም። ኩባንያው ከሰረ። አዲስ ፈቃድ የወጣው በ1900 ዓ.ም. በሐኪማቸው በዶክተር ቪታልየን ስም ሲሆን፣ አዲሱ የፍራንኮ ኢትዮጵያ ኩባንያ ሥራውን ተረከበ።

እስኪ በዚህ መካከል የሆነውን እንመልከት። ሐዲዱ ባለበት በቆመባቸው ዓመታት ድሬዳዋ ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች ያሉት ከዚራ ኖራት፣ ከወንዙ ማዶ መጋላ ኖራት፣ የሎኮሞቲቭ መጠገኛ ፋብሪካ ኖራት። ግሪኩ፣ የመኑ፣ ህንዱ፣ አርመኑ፣ ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ አደሬው እዚያው ተቀላቀለ። ሐዲዱ ሳይዘገይ አልፎ ቢሄድ ኖሮ ድሬዳዋ ድሬዳዋ ትሆን ነበር ብዬ አላምንም። የታላቋ ጣቢያ ታሪክ በመቆም ተጀመረ፤ የታናናሾቹም እንዲሁ።

ከድሬዳዋ ወደ ምዕራብ ሐዲዱ የጨርጨርን ደጋ አልወጣም። የጥንቱ የሲራራ መንገድ በደጋው በኩል፣ በቁልቢና በሂርና ያልፍ ነበር፤ ሰው ውሃና ጥላ የሚያገኘው እዚያ ነው። ሎኮሞቲቭ ግን ዳገት ይፈራል፤ ስለዚህ ሐዲዱ ከደጋው በታች በቆላው ሜዳ ተዘርግቶ በኤረር፣ በአፍደም፣ በሚኤሶ፣ በአሰቦት፣ በአርባ አድርጎ ወደ አዋሽ ወረደ። ደገኛውም ቡናውንና እህሉን ጭኖ ቁልቁል ወደ ጣቢያው መምጣት ግድ ሆነበት። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ጨርጨርን ሲያስተዳድሩ አሰበ ተፈሪን፣ የዛሬዋን ጭሮን፣ የአውራጃው ከተማ አድርገው ሲያሳምሩ፣ ለከተማዋ ወደ ዓለም መውጫ በሯ ሚኤሶ ጣቢያ ነበረች። እኛ ቆለኞች ጭሮዎችን «ደገኞች» እንላቸዋለን፤ ግን ለብዙ ዘመን ሳሙናቸውም ጋዛቸውም ጨርቃቸውም በእኛ ደጅ አልፎ ነው የደረሳቸው።

አዲስ አበባ ባቡር ያየችው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር፤ ከባሕር ጠለል ተነሥቶ 2,300 ሜትር ያለፈ ከፍታ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ልጅ ኢያሱ በመስከረም ወር ከሥልጣን ሲወርዱ ሐረር ነበሩ፤ ወደ አዲስ አበባ የላኩት ጦር ሚኤሶ ላይ ተገትቶ ተመለሰ። ስለዚያ ግጭት ልጅ ሆኜ የምሰማው የሰገሌን ጦርነት ብቻ ነበር፤ ከቤታችን አጠገብ የሆነውን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ሎኮሞቲቩ ልምጣ። አባቴ በሥራ ዘመኑ መጀመሪያ የእንፋሎቱን አይቷል፤ እኔ ያደግሁት በናፍጣው ነው። እሱ ሲያወራልኝ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከውሃ ነበር። «ይሄ የአሁኑ ምን አለበት፣ ነዳጁን ጠጥቶ ይሮጣል። ያኛው ግን ውሃ ካጣ ብረት ነው» ይለኝ ነበር። ነገሩን በትክክል ገልጾታል። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ሆዱ ውስጥ እሳት አለ፤ እሳቱ ውሃ ያፈላል፤ እንፋሎቱ ፒስተኑን ይገፋል፤ ፒስተኑ በብረት ዘንግ ጎማውን ያዞራል። ሥራውን የጨረሰው እንፋሎት በጭስ ማውጫው ወጥቶ አየር ላይ ይበተናል፤ ያ ከሩቅ የሚሰማው ቆረጥ ቆረጥ የሚል ድምፅ የሚመጣው ከዚያ ነው። ውሃው አይመለስም። ስለዚህ ባቡሩ ከኋላው በሚጎትተው ጋን ከያዘው ውሃ በላይ ሊሄድ አይችልም፤ ቆሞ መሙላት አለበት። ማሞቂያው ውሃ ጎድሎበት እሳቱ ከነደደ ደግሞ ብረቱ ይቃጠላል፣ ሊፈነዳም ይችላል። በዚያ ላይ ውሃው ጨዋማ ከሆነ ቧንቧው ውስጥ ቅርፊት ይጋገራል። በዓለም ላይ ደረቅ ከሚባሉት አገሮች በአንዱ የሚያልፍ መስመር ይህን ሁሉ ችግር ተሸክሞ ነው የሠራው። ጣቢያዎቹን ስንቆጥር የባቡሩንም የሰውንም ጥም እየቆጠርን ነው።

አሜሪካ ፔንሲልቬኒያ የሚኖር የእህቴ ልጅ ከጥቂት ዓመታት በፊት ስትራስበርግ በምትባል ከተማ ካለው የባቡር ሙዚየም ፎቶ ላከልኝ። «አጎቴ፣ ይህን ብታየው ደስ ይልሃል» ብሎ ነው የላከው፤ ደስ ብሎኛልም። በፎቶው ያለው የፔንሲልቬኒያ ባቡር ኩባንያ ኬ-4 የሚባል የመንገደኛ ሎኮሞቲቭ ነው። ከፊት አራት ትናንሽ መሪ ጎማዎች፣ በመካከል ስድስት ታላላቅ ጎታች ጎማዎች፣ ከኋላ እሳቱን የሚሸከሙ ሁለት ጎማዎች፤ በባለሙያዎቹ አቆጣጠር 4-6-2። የመጀመሪያው የተሠራው በፈረንጆች 1914 ሲሆን፣ ይኸውም የእኛ ሐዲድ ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ እየተዘረጋ የነበረበት ዘመን ነው። እስከ 1928 ድረስ 425 ተሠሩ፤ 350ው ኩባንያው በራሱ ፋብሪካ አልቱና ውስጥ የሠራቸው፣ 75ቱ ደግሞ ከባልድዊን ፋብሪካ የተገዙ። የአንዱ ክብደት 140 ቶን ያህል ነው። ጎታች ጎማው ከሁለት ሜትር በላይ ቁመት አለው፤ አጠገቡ የቆመው የእህቴ ልጅ ከጎማው ያጥራል።

ጎማው እንዲህ ትልቅ የሆነው ለፍጥነት ነው። ፒስተኑ አንድ ጊዜ ሄዶ ሲመለስ ጎማው አንድ ዙር ይዞራል፤ ትልቅ ጎማ በአንድ ዙር ብዙ መንገድ ይሄዳል፣ ዳገት ላይ ግን ጉልበት ያጣል። ትንሽ ጎማ ቀስ ይላል፣ ግን ይጎትታል። ኬ-4 ራሱ በፔንሲልቬኒያ ተራሮች ከባድ ባቡር ሲገጥመው ሁለት ሆኖ ተጠምዶ ነበር የሚወጣው። የእኛው መስመር የሚፈልገው ከባሕር ዳር እስከ ሸዋ ደጋ የሚጎትት ጉልበት ነበር። መጀመሪያ የተዘረጋው ሐዲድ በአንድ ሜትር 20 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ቀጭን ብረት ስለነበረም እንደ ኬ-4 ያለ ግዙፍ ቢወጣበት ይሰበር ነበር። ስለዚህ ከስዊዘርላንዷ ቪንተርቱርና ከሌሎች የአውሮፓ ፋብሪካዎች የመጡ ቀለል ያሉ ሎኮሞቲቮች ነበሩ የሚሠሩበት።

ከፎቶው ይልቅ ያስደነቀኝ ግን የውሃው ነገር ነው። ፔንሲልቬኒያዎች ፈጣን ባቡራቸው ለውሃ ሲል እንዳይቆም በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ረጅም የብረት ገንዳ ዘርግተው ውሃ ሞሉት። ሎኮሞቲቩ በሙሉ ፍጥነት ሲያልፍ ከጋኑ በታች አካፋ የመሰለ ቧንቧ ይወርድና ውሃውን እየዛቀ ወደ ጋኑ ይሰዳል። ሳይቆም ይጠጣል! ይህን ባነበብኩ ጊዜ ወዲያው ያሰብኩት በየገንዳው ዳር ያሉትን የአሜሪካ መንደሮች ነው። ታላቁ ባቡር በየቀኑ በፊታቸው ያልፋል፤ ውሃቸውን ይወስዳል፤ አንድ ሰው አይወርድም፣ አንድ እንቁላል አይሸጥም። እኛ ድሆች ስለነበርን ገንዳ አልተዘረጋልንም፤ ባቡራችን ቆመ፤ በመቆሙም ከተማ አገኘን።

ቆመ ስል በጥቂቱ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ አሥርታት ባቡሩ ሌሊት አይሄድም ነበር። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ነው፤ የመጀመሪያው ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሁለተኛው አዋሽ ይታደራል። የሁለተኛው ቀን መንገድ የእኛ መንገድ ነው። ነጠላ ሐዲድ በመሆኑም ወጪና ወራጅ ባቡር የሚተላለፈው ጣቢያ ላይ ብቻ ነው፤ አንዱ እስኪመጣ ሌላው ይጠብቃል። ያ መጠበቅ ገበያ ነበር። መንገደኛው ይራባል፣ ይጠማዋል፣ እግሩን ያፍታታል። የግመል ወተት በቆርቆሮ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ቆሎ፣ ፍየል፣ ከሰል፤ ከኤረር በኩል ደግሞ ብርቱካንና ሎሚ። እናቴ በመስኮቱ በኩል ስትሸጥ በሦስት ቋንቋ ትደራደር ነበር፤ ኦሮምኛው ለገበሬው፣ ሶማልኛው ለነጋዴው፣ አማርኛው ለወታደሩና ለቲኬት ቆራጩ።

ታላላቆችም በዚህ ሐዲድ አልፈዋል። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ጃንሆይ ከአዲስ አበባ ተነሥተው በባቡር ወደ ጅቡቲ ወረዱ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ። ያ ባቡር በአሰቦት አልፏል። ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ ጣሊያን ራሱ ሲሸሽ የአዋሽን ድልድይ አፈራርሶ ሄደ። ጣሊያን በቆየበት ዘመን ያመጣውና ሰው የወደደው አንድ ነገር ሊትሪና ነበር፤ ፊያት የሠራው፣ በራሱ ሞተር የሚሄድ፣ ሎኮሞቲቭ የማይፈልግ የመንገደኛ ፉርጎ። ፈጣን ነበርና የሦስቱን ቀን መንገድ አሳጠረው።

በ1940ዎቹ ዓ.ም. የናፍጣ ሎኮሞቲቮች መግባት ጀመሩ፤ እንፋሎቱም ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ቀረ። ኬ-4ም ከሥራ የወጣው በዚያው ሰሞን፣ በፈረንጆች 1957 ነው። አባቴ ለእንፋሎቱ አላለቀሰም። እሳት ለኳሹ በዚያ ሙቀት እንዴት እንደሚቆም ያየ ሰው ነው፤ ብረቱ ያቃጥላል፣ ውጭው ያቃጥላል፣ ላብ ዓይን ያሳውራል። ለሠራተኛው የናፍጣው መምጣት ዕረፍት ነበር፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ለእነሱ ግፍ ይሆናል። ለትናንሾቹ ጣቢያዎች ግን መቆሚያው ቀነሰ። ውሃ የማይጠጣ ባቡር ለመቆም ምክንያቱ ሰውና ጭነት ብቻ ሆነ።

ሰው ግን ነበረ። በእኔ ልጅነት የጥር ሥላሴና የሐምሌ ሥላሴ ሲደርስ ጣቢያው በነጭ ልብስ ይሞላ ነበር። ሰው ከአዲስ አበባም፣ ከናዝሬትም፣ ከድሬዳዋም መጥቶ ይወርድና የገዳሙን መንገድ በእግሩ ይጀምራል፤ ሽማግሌዎች በበቅሎ። ታኅሣሥ 19 ደግሞ የቁልቢ ገብርኤል ተጓዥ ወደ ድሬዳዋ ያልፋል፤ ፉርጎው ውስጥ ከበሮ እየተመታ። በሌላው ጊዜ የሚሞላው በነጋዴ ሴቶች ነው። ከድሬዳዋ ጨርቅና ሽቶ ጭነው ይመጣሉ፤ ፈታሹ ፊናንስ ሲገባ ጨርቁ ከቀሚስ በታች ይጠቀለላል፣ መንገደኛው ሁሉ አላየሁም ይላል። መንግሥት ኮንትሮባንድ አለው፤ ብዙ ልጆች ግን በዚያ ጨርቅ ነው የተማሩት፣ እኔም አንዱ ነኝ።

ከፈረንሳይ ጋር በ1952 ዓ.ም. ከተደረገው ስምምነት በኋላ ኢትዮጵያ የኩባንያው ግማሽ ባለቤት ሆነች፤ ዋና መሥሪያ ቤቱም ከፓሪስ ወደ አዲስ አበባ መጣ። ከዚያ የክፉ ዓመታት ወሬ ነው። በ1969 እና 1970 በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ድልድዮች ፈረሱ፣ መስመሩ ተቆረጠ። ጥር 5 ቀን 1977 ዓ.ም. ደግሞ በድሬዳዋና በአዲስ አበባ መካከል የሚሄድ ፈጣን ባቡር አዋሽ አጠገብ ኩርባ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገብቶ ከድልድይ ላይ ገደል ገባ፤ ከ400 በላይ ሰው አለቀ። ስለዚያ ቀን አባቴ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኩርባውን በእጁ ያውቀዋልና፣ «እዚያ ላይ ቀስ ይባላል» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

በ2000 ዓ.ም. አካባቢ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል የድሮው ባቡር ቆመ፤ በዚህኛው መቆም የሚወርድ መንገደኛ አልነበረም። ገበያው ወደ አስፋልቱ ዞረ።

መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር ተመረቀ፤ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ፣ የሐዲዱ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ኬ-4 ይሄድበት ከነበረው ሐዲድ ጋር አንድ ዓይነት። ከሰበታ እስከ ሚኤሶ ያለውን አንድ የቻይና ኩባንያ፣ ከሚኤሶ እስከ ድንበሩ ደወሌ ያለውን ሌላው ሠራው፤ የሁለቱ ሥራ የተገናኘው በእኛው ቆላ ነው። ባቡሩ ኃይሉን ከላይ ከሽቦ ያገኛል፤ ውሃም ነዳጅም ብሎ አይለምንም። አብዛኛው የሚጭነው ከወደብ የሚወጣ ኮንቴይነር ሲሆን፣ ጣቢያዎቹም ከድሮዎቹ የከተማ ጣቢያዎች ይልቅ ከሰው ራቅ ብለው የተሠሩ ናቸው።

አዲሱን ባቡር አልጠላውም፤ አገር ያለ ወደብ መንገድ አይኖርም። የሚኤሶና የአሰቦት ሰው የሚጠይቀው ነገር ግን ግልጽ ነው፣ እኔም አብሬ እጠይቃለሁ። በዚህ ቆላ በየሳምንቱ ለገበያ የሚወጣው ግመል፣ ፍየልና በሬ በአይሱዙ ተጨናንቆ፣ በመንገድ ላይ እየሞተ ወደ ድንበር ይሄዳል፤ ከደጋው የሚወርደው ቡናና አትክልትም እንዲሁ። የእንስሳት መጫኛ በረት፣ ጥላና ውሃ ያለው የጭነት መቆሚያ፣ በሳምንት የተወሰነ ቀን የሚቆም የጭነት ባቡር፤ ይህ ከኤሌክትሪክ ሐዲድ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ወጪ ነው። የጭነት መርሐ ግብሩን የሚያወጡት መሐንዲሶች ከጭሮ ገበያ ጀምረው እስከ ሚኤሶ አንድ የገበያ ቀን ከነጋዴው ጋር ቢውሉ፣ ባቡሩ የት የት መቆም እንዳለበት ከማንም ባለሙያ ይልቅ የከብት ነጋዴዎቹ ይነግሯቸዋል።